ስለ ወንዝ ዳር ጕዞ፤ ከዋጃ አሸዋ እስከ ጢስ ዓባይ

በዋጃና በቆቦ ሜዳ ተወልዶ ያደገ ልጅ ወንዝ የሚለውን ቃል ሲሰማ ወዲያው የሚታሰበው ሰፊ የአሸዋ መንገድ ነው። ከዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ በዚህ አሸዋ ላይ ውኃ አይታይም፤ ከብት ይነዳበታል፥ ግመል ያልፍበታል፥ ገበያተኛ ይሻገርበታል፥ ልጆችም ይጫወቱበታል። የጣና ዳር ልጅ ግን ወንዝ ሲባል የሚያስበው ክረምት ከበጋ የማይደርቀውን፥ ጉማሬ የሚተኛበትን ዓባይን ነው። ሁለቱም ያሰቡት እውነት ነው፤ ያም ያም ወንዝ ይባላል። ነገር ግን ጠባያቸው የተለያየ ስለ ሆነ የአንዱን ጠባይ ብቻ የሚያውቅ ሰው ወደ ሁለተኛው በሄደ ጊዜ ይሳሳታል፤ በወንዝ ዳር የተሳሳተ ሰውም ስሕተቱን ለማረም ሁልጊዜ ጊዜ አያገኝም።

ወንዝን ሄዶ ማየት ትምህርት ነው። ለዚህም ትምህርት የተመረጠው በባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ያለው የዓባይ ወንዝ ፓርክና የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው፤ ከዋጃ ሩቅ ቢሆንም ከከተማ የማይርቅ፥ በእግር እየተሄደ የሚታይ፥ ስሙም በዓለም የታወቀ ነውና። ይሁን እንጂ ሩቁን ለማየት የሚነሣ ተማሪ አስቀድሞ በደጃፉ ያለውን ይወቅ።

የዋጃና የቆቦ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በምዕራብ በኩል ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል፤ በምሥራቅም የዞብል ተራራ ሜዳውን ከአፋር በረሓ ይለየዋል። ሆርማትና ጎሊና የተባሉት ወንዞች ከምዕራቡ ደጋ ወርደው የቆቦን ሜዳ ያቋርጣሉ፤ የጎሊናም ውኃ በምሥራቁ ተራራ መካከል በሚገኘው ጠባብ በር አልፎ ወደ አፋር ይወርዳል። እንግዲህ ደጋው ለሜዳው እጅግ ቅርብ ስለ ሆነና ቁልቁለቱም ስለሚበረታ፥ በላይ የዘነበውን ዝናብ በመንገድ ይዞ የሚያዘገየው አንዳች ነገር የለም። ዛፉ ተቈርጦ ራቁቱን የቀረ ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ዝናቡ አፈሩን ጭምር ይዞ ይወርዳል። ከዚህ የተነሣ በዋጃ ሰማይ ላይ ደመና ሳይታይ፥ መሬቱም አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ፥ በደጋው የጣለው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ብዙ ሰዓት ሳይቆይ በአሸዋው ላይ ይደርሳል። ደራሽ ውኃ የሚባለው ይህ ነው።

ደራሽ ውኃ አመጣጡ ምልክት አለው። አስቀድሞ ከወደ ላይ እንደ ነፋስ ወይም እንደ ከባድ መኪና ያለ ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎም የእርጥብ አፈር ሽታ ይመጣል። ከዚያም ጭራሮና ገለባ፥ አረፋም የተሸከመ ጭቃ የመሰለ ውኃ በአሸዋው ላይ እየተንከባለለ ይታያል፤ ከኋላው ያለው ከፊተኛው ይበልጣል። በደጋው ላይ የጠቈረ ደመና የተንጠለጠለ እንደ ሆነ፥ መብረቅም የሚታይ እንደ ሆነ፥ ይህ ሁሉ ምልክት ሳይጠበቅ ከአሸዋው መውጣት ይገባል። ድምፁን ሰምቶ በአሸዋው ላይ ወደ ታች የሚሮጥ ሰው ከጎርፉ ጋራ እሽቅድድም ገጠመ ማለት ነው፤ መሮጥ የሚገባው ወደ ዳር፥ ከፍ ወዳለውም መሬት ነው።

በጎርፍ የሚሞት ሰው ሁሉ ጎርፉን ሳያየው የሞተ አይደለም። ብዙው አይቶት፥ ጥልቅ አይደለም ብሎ ንቆት፥ እሻገራለሁ ሲል ተወስዷል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው በከንቱ አይደለም። ከጕልበት በታች ያለ ውኃ እንኳ ፈጣን ሲሆን ጐልማሳ ሰውን ይጥላል፤ ከውጭ ሲገፋው ከእግሩ ሥር ደግሞ አሸዋውን እየሸረሸረ መቆሚያ ያሳጣዋልና። የተሸከመውም ድንጋይና ግንድ ዐይን ሳያየው እግርን ይመታል። ከሁሉ ይልቅ ለእረኛ ልጅ የሚያስፈልገው ትምህርት ይህ ነው፤ ፍየሉ ወይም ጥጃው በተወሰደ ጊዜ ሊያወጣ ብሎ ወደ ውኃው አይግባ። ስለ ጠፋች ፍየል የሚቈጣ አባት ይኖር ይሆናል፤ ልጁን ከፍየል አሳንሶ የሚያይ አባት ግን የለም።

ይህም ሁሉ ሆኖ የራያ ገበሬ ደራሽን ጠላት ብቻ አድርጎ አይመለከተውም። ዝናቡ አነስተኛ በሆነበት ዓመት የማሽላው ተስፋ ከደጋ የሚወርደው ጎርፍ ነው። ስለዚህ ገበሬዎች ተባብረው በአፈር፥ በድንጋይና በእሾህ አጥር የጎርፉን አንዱን ክንድ ጠልፈው ወደ እርሻቸው ያገቡታል። ጎርፉ የሚመጣው በሌሊት ሲሆን በሌሊት ይወጣሉ። ውኃው ያመጣው ደለልም ለመሬቱ እንደ ፍግ ይሆነዋል። ጠለፋው የበረታ ጎርፍ ሲመጣ ይፈርሳል፤ ገበሬውም እንደገና ይሠራዋል። ይህን ሥራ ከልጅነቱ ጀምሮ ያየ ተማሪ ስለ ወንዝ ጠባይ ከብዙ መጽሐፍ የሚበልጥ ዕውቀት አለው፤ የጐደለው ነገር ቢኖር ሌላውን ዓይነት ወንዝ አይቶ ማነጻጸር ነው።

ከዋጃ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ በቆቦ አልፎ ወደ ወልድያ ይወጣል። ከወልድያ እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጋሸናና በደብረ ታቦር አልፎ ወረታ ላይ ከጎንደሩ መንገድ ይገናኝና ወደ ደቡብ ይታጠፋል። ከመነሣት አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም መጠየቅ አስፈላጊ ነው። መኪናው ከወልድያ ተነሥቶ ደጋውን በሚወጣበት ጊዜ ተማሪው እንቅልፉን ትቶ በመስኮት ይመልከት፤ የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ እርሱ ነውና። ከደጋው ጫፍ በምሥራቅ በኩል የወረደ ዝናብ ወደ ራያ ሜዳና ወደ አፋር ይሄዳል። ጥቂት ወደ ምዕራብ አልፎ በጋሸና ዙሪያ የወረደው ግን ገሚሱ በሰሜን ወደ ተከዜ፥ ገሚሱ በደቡብ ወደ በሽሎ ይወርዳል፤ በሽሎም ወደ ዓባይ ይገባል። ከአንድ ደመና የወረዱ ጠብታዎች እንደ ወደቁበት ጐን አንዱ በአፋር በረሓ፥ አንዱ በሱዳን ምድር ይሄዳል።

ከደብረ ታቦር ወዲያ ያሉት ወንዞች ደግሞ ሌላ ናቸው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ በኩል ተነሥተው ወደ ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ሁሉ የሚበልጠው ግን ከደቡብ ከሰከላ በኩል የሚመጣው ግልገል ዓባይ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ የተኛ፥ ስፋቱም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፥ በኢትዮጵያ ከሚገኙት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ እንዲህ ታላቅ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ እጅግ ጥልቅ የሆነው ስፍራ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በ2007 ዓ.ም የጣና ሐይቅ አካባቢ በዩኔስኮ ዘንድ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ ተጻፈ።

ዓባይ ከዚህ ሐይቅ የሚወጣው በባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ነው። ከመውጫው ጀምሮ እስከ ፏፏቴው ድረስ ያለው የወንዝ ዳር በ2000 ዓ.ም በአማራ ክልል መንግሥት የዓባይ ወንዝ ሚሊኒየም ፓርክ ተብሎ ተከለለ። ፓርክ ማለት ዛፉ፥ አውሬውና ወፉ፥ ውኃውም እንዲጠበቅ፥ ሰውም ገብቶ እንዲያየው በሕግ የተለየ ስፍራ ነው። ነገር ግን ሕግ መከለል ይችላል እንጂ አጥር ሆኖ አይቆምም፤ በወንዙ ዳር የሚያርስ፥ ከብት የሚያሰማራ፥ እንጨትም የሚለቅም ሕዝብ ከፓርኩ በፊት ጀምሮ አለ። ይህን ሕዝብ ሳይዙ ፓርክ ማቆየት አይቻልም፤ ሕዝቡም ቢሆን ዳሩ ከተራቈተ ማሳውን ወንዙ ይበላበታል።

ጐብኚው በከተማው አጠገብ ብዙ ነገር ለማየት ይችላል። በ2016 ዓ.ም የተመረቀው፥ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በስተላይና በስተታች ያለውን ውኃ ያሳያል። በማለዳ ወይም ወደ ማታ ጉማሬ ብቅ ሲል ይታይ ይሆናል። ጉማሬ ወፍራምና ሰነፍ መስሎ ስለሚታይ ሰው ይንቀዋል፤ ይሁን እንጂ ግልገል ይዞ ሲገኝ፥ ወይም ሰው በእርሱና በውኃው መካከል ሲቆምበት እጅግ አደገኛ ነው፤ በየብስም ከሰው ይልቅ ይሮጣል። በሐይቁ ዳር ደንገል ይበቅላል፤ የአገሩ ሰዎችም ከዚሁ ደንገል ታንኳ ሠርተው ይቀዝፋሉ፥ ዓሣ ያጠምዳሉ፥ እንጨትም ይጭናሉ።

ጢስ ዓባይ የምትባለው ትንሽ ከተማ ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የመግቢያው ገንዘብ በዚያ ይከፈላል፤ መንገድ የሚመራ የአገሩ ልጅም ይገኛል። በእግር የሚሄደው ጕዞ ቀስ ተብሎ ሲኬድ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይወስዳል። መንገዱ አስቀድሞ ወደ ገደሉ ቁልቁል ይወርድና ዓባይ በጥቍር ዐለት መካከል ተጨንቆ ወደሚያልፍበት ወደ ድንጋዩ ድልድይ ያደርሳል። ይህ የአላታ ድልድይ የሚባለው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት በ1618 ዓ.ም ገደማ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ሲሆን፥ በዓባይ ላይ ከተሠሩት የድንጋይ ድልድዮች የመጀመሪያው ነው ይባላል። እስከ ዛሬም ገበያተኛና አህያ ይሻገርበታል። ግንበኞቹ ቦታውን የመረጡበትን ምክንያት ቆሞ ማየት ይገባል፤ ወንዙ ሰፊ በሆነበት አልደከሙም፤ ዐለቱ ራሱ ሁለቱን ዳር ባቀራረበበት ሠሩት እንጂ።

ከድልድዩ በኋላ መንገዱ ዳገት ይሆናል፤ በመንደሮችና በማሳዎች መካከል አልፎ ከፏፏቴው ፊት ለፊት ባለው ከፍታ ላይ ያወጣል። ውኃው ሙሉ ሲሆን ወደ 400 ሜትር ስፋት ተዘርግቶ ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል ይወርዳል። ከታች የሚነሣው ነጭ ጉም ከሩቅ ሲታይ ጢስ ይመስላል፤ ስሙም ከዚህ የመጣ ነው። እንዲህ ያለ ስም ያወጡ የኢትዮጵያ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር በዛምቤዚ ወንዝ ላይ ያለውን ታላቁን ፏፏቴ የአገሩ ሰዎች «ሞሲ ኦ ቱንያ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም የሚያጕረመርም ጢስ ማለት ነው። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይተያዩ አንድ ነገር አይተው አንድ ስም አወጡ።

ገደሉ የተሠራው በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ ቀልጦ ወጥቶ ከፈሰሰና በኋላ ከበረደ ጥቍር ዐለት ነው። ይህም ገደል ለዓሣ የማይወጣ አጥር ሆነ። ከታች ያለው ዓሣ ወደ ጣና ሊወጣ ስላልቻለ በሐይቁ ያሉት ለብቻቸው ተራብተው በዓለም በሌላ ስፍራ የማይገኙ ከ10 የሚበልጡ የዓሣ ዓይነቶች በጣና ተገኙ። ጐብኚ ሁሉ ጢሱን ያያል፤ ይህን ግን የሚያስተውለው ጥቂት ነው።

በመንገዱ ላይ የአላታን ጅረት የሚያሻግር ተንጠልጣይ ድልድይ አለ፤ ከዚያም ወዲያ ወደ ፏፏቴው ግርጌ መቅረብ ይቻላል። ጉሙ ያረጠበው ድንጋይ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ዱላ መያዝ፥ የጫማንም ሶል ማየት ይገባል። ፎቶግራፍ ለመነሣት ወደ ገደሉ ጫፍ ጀርባን ሰጥቶ ማፈግፈግ ደግሞ ሞኝነት ነው። ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተሻግሮ ወደ ከተማዪቱ መመለስ ይቻላል፤ ወንዙ በሞላ ጊዜ ግን በመጡበት መንገድ መመለስ ይሻላል።

አንዳንድ ጐብኚ ያን ሁሉ መንገድ ተጕዞ በገደሉ ላይ የተንጠለጠለ ቀጭን ክር የመሰለ ውኃ ብቻ አይቶ ያዝናል። ምክንያቱ እዚያው ፏፏቴው ዘንድ አይገኝም፤ ከላይ ነው። በ1956 ዓ.ም ከፏፏቴው በላይ ውኃ በቦይ ጠልፎ የኤሌክትሪክ ኀይል የሚያመነጭ ጣቢያ ተሠራ፤ ይህ የወሰደው ጥቂት ነበር። በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ከሐይቁ መውጫ ላይ በር ያለው ዝቅተኛ ግድብ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም ሁለተኛው ታላቅ ጣቢያ ሥራ ሲጀምር የወንዙ የሚበዛው ውኃ ፏፏቴውን ትቶ በቦይ ሄደ። በ2002 ዓ.ም ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ተመረቀ፤ እርሱም ውኃውን ከሐይቁ በምዕራብ በኩል በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ይለቀዋል። ከዚያ ወዲህ የጢስ ዓባይ ሁለቱ ጣቢያዎች ባብዛኛው ለመጠባበቂያ ተቀመጡ። ስለ ፏፏቴው መሳሳት የሚቈጣ ሰው እውነት አለው፤ እንግዳ ሲቀር በቅሎና ጀልባ፥ ምግብና መኝታ አቅርቦ የሚኖረው የአገሩ ሰው ገቢ ይቀንሳልና። ሆኖም የተቈጣው ሰው ራሱ ማታ በባሕር ዳር መብራት አብርቶ ይቀመጣል። ውኃው ለሁለቱም እንዲዳረስ ማድረግ የበሩን ቁልፍ የያዙ ሰዎች ሥራ ነው። ጐብኚው ግን ወሩን መምረጥ ይችላል፤ ፏፏቴው ደኅና ሆኖ የሚታየው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው።

ይህን ወር የሚወስነው ሐይቁ ነው። በጣና ዙሪያ ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፥ ሐይቁ ሞልቶ ከፍ የሚለው በመስከረም ነው። ርብና ጉማራ ያመጡት ጎርፍ ወደ ሐይቁ ሲገባ ይሰፋል፥ ይረጋል፥ የያዘውንም ደለል ከታች ይጥላል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ በሳምንታትና በወራት ይወጣል። በባሕር ዳር መውጫ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአሸዋ ተነሥቶ ሰውን የሚያጥለቀልቅ ጎርፍ የማይታየው ስለዚህ ነው። ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ ተረቱ ያማረ ነው፥ ነገር ግን ዓባይ በላይ ጣናን የመሰለ ማደሪያ ነበረው፤ በታችም በጉባ የተሠራው፥ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሁለተኛ ማደሪያ ሆኖታል። ማደሪያ የሌላቸውስ የራያ ወንዞች ናቸው።

ለራያ ሜዳ ጣናን የሚያህል ሐይቅ የሚሠራለት የለም። ነገር ግን የሐይቁን ሥራ በጥቂቱ የሚሠራ ነገር በምዕራቡ ቁልቁለት ላይ ሊኖር ይችላል። በእርከን የተያዘ ዳገት፥ ከከብት የተከለለ ቍጥቋጦ፥ በክትር የታሰረ ቦረቦር እያንዳንዱ ውኃውን ጥቂት ያቆየዋል። አንዱ እርከን የሚይዘው ትንሽ ነው፤ ሺህ ሲሆን ግን ጎርፉ ዘግይቶና ቀንሶ ይደርሳል፤ ወደ መሬት የሰረገውም ከሜዳው ሥር ተጠራቅሞ ለጕድጓድ ውኃ ይሆናል። የቆቦ ሜዳ ገበሬ ዛሬ በጥልቅ ጕድጓድ እያወጣ የሚያጠጣው ውኃ ከዚያው ከደጋው ዝናብ የመጣ ነው። ስለዚህ በደጋ የሚሠራ እርከን የደጋውን ሰው ብቻ የሚጠቅም አይምሰል።

የዘገየ ውኃም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ቀስ ብሎ በሚሄድ ጅረትና በመስኖ ቦይ ውስጥ፥ በጣናም ዳር፥ ብልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፍ ትንሽ ቀንድ አውጣ ይኖራል። በዋጃና በጥሙጋ አካባቢ ሐኪሞች መርምረው ይህ በሽታ በተማሪዎች ላይ መኖሩን አረጋግጠዋል። ትሉ ከውኃው ወደ ሰው የሚገባው በቆዳ ነው፤ ስለዚህ በእንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ መዋኘትና መንቦራጨቅ፥ በውኃው ዳርም መጸዳዳት አይገባም። ሆዱን እያመመው ደም የሚያስቀምጠው ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ መድኃኒቱ ይገኛል።

ወደ ጢስ ዓባይ ለመሄድ ያልቻለ ትምህርት ቤት ይህን ትምህርት በአቅራቢያው ባለው አሸዋ ይጀምር። በበጋ፥ ደጋው ላይ ደመና በሌለበት ማለዳ፥ መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ወንዙ ዳር ያውጣ። በዳር ካሉት የግራርና የቁርቁራ ዛፎች ላይ ያለፈው ክረምት ጎርፍ ያስቀረው ገለባና ጭራሮ ተንጠልጥሎ ይገኛል፤ ከአሸዋው እስከዚያ ድረስ ያለው ከፍታ በገመድ ይለካ፤ ብዙ ልጆች ከራሳቸው ቁመት የሚበልጥ ሆኖ ያገኙታል። ከዚያም በኋላ በበልግ ወራት፥ በሐምሌና በነሐሴም ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ጊዜ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ ሆኖ በደጋው ላይ ዝናብ የታየበትን ሰዓት በአንድ ዓምድ፥ ጎርፉ የደረሰበትን ሰዓት በሁለተኛው ዓምድ፥ በዚያ ቀን በዋጃ ዘንቦ እንደ ሆነና እንዳልሆነ በሦስተኛው ዓምድ ይጻፍ። ጽሕፈቱ በመስከረም ተሰብስቦ በአንድ ደብተር ይገልበጥና በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ፤ በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ያጠረበት ቀን ተፈልጎም በክፍሉ ግድግዳ ላይ በትልቅ ጽሕፈት ይለጠፍ።